የሙዝ ጠብታ በአባቴ እጅ ላይ

በሱቄ መደርደሪያ ላይ አንዲት ጠቆር ያለች የብርጭቆ ጠርሙስ አለች፤ ከሌሎቹ ለይቼ ከላይኛው ጥግ ብቻዋን ያስቀመጥኳት። ውስጧ ያለው ነገር ሲያዩት ውሃ ነው። ክዳኗን ፈታ ሲያደርጉት ግን የሱዳኗ የገዳሪፍ ገበያ የናፍጣ ጭስና የማሽላ አቧራ ድራሹ ይጠፋና ቤቱ ሁሉ የበሰለ ሙዝ ይሸታል። ዐረቦቹ «ሩሕ አል ሞዝ» ይሉታል፤ የሙዝ ነፍስ ማለት ነው። ይህች ጠርሙስ በዚህ አገር ያሉኝን ሁለት ሰዎች፣ አባቴንና ጎረቤታችንን ኻልቲን፣ በአንድ ቀን ልታሳጣኝ ነበር። አላሳጣችኝም። ለዚህ ነው በየጠዋቱ ሱቅ ስከፍት ቀና ብዬ አያትና «ተመስገን» የምለው። ደንበኛ ካለ «እብድ ናት እንዴ?» ብሎ ያየኛል፤ ይየኝ።

ሥራዬ መዓዛ መቀመም ነው። ለኬክ ጋጋሪው ቫኒላ፣ ዳንዱርማ ለሚሠሩት፣ ማለት ያንን ልጆች የሚመጥጡትን ባለ እንጨት በረዶ ለሚያቀዘቅዙት፣ እንጆሪና ሙዝ፣ ለሙሽሮች ደግሞ ሽቶ። ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ሙዙ ነው፤ ዐመሉ ብዙ ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ስሙ አይሶአሚል አሲቴት ይላል፣ ምላስ ያስራል። ትምህርት ቤት ሳለሁ አሲድና አልኮል ሲጋቡ ውሃ ይጥሉና ኤስተር የሚባል ልጅ ይወልዳሉ ብለው አስተምረውናል። ያን ጊዜ ለፈተና ብዬ ሸመደድኩት እንጂ አንድ ቀን እንጀራዬ ይሆናል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ። ሙዙም ራሱ ሲበስል በሆዱ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ሰው ግን አይሰማም። «ትንሽ ጨምሪበት» ይሉኛል። ኧረ ተዉኝ! ሲበዛ ሙዝነቱን ይተውና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል፣ ራስ ይበጠብጣል። ለአንድ ባልዲ አንድ ጠብታ ይበቃል። ከውሃ ጋር አይስማማም፣ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ አልኮልና ዘይት ግን ወዳጆቹ ናቸው። አንድ ዳንዱርማ ሻጭ አልሰማ ብሎኝ በነጭ የፎም ኩባያ ይዞት ሲሄድ፣ ኩባያው መንገድ ላይ ቀልጦ ሱሪው ላይ ፈሰሰበት። ሰውዬው ሙዝ እየሸተተ ከረመ፤ ልጆቹ ከኋላው እየተከተሉ መከራውን አበሉት። እሳት ከቀረበውማ ቦግ ይላል። ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ከሌላው ሽታ ሁሉ ቀድሞ ብን ብሎ የሚወጣው እሱ ነው፣ በተለይ ሙቀት ካገኘ። ይህችን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

መቀመም ያስተማረችኝ ኻልቲ ናት። ኻልቲ በዐረብኛ የእናት እህት ማለት ነው፤ እሷ ግን ከእናቴ ጋር የምትዛመደው በአጥር ብቻ ነበር። ሱዳናዊት ናት፣ የገዳሪፍ ተወላጅ፣ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ ምላጭ፣ ልቧ ቅቤ። እኔ ገና ልጅ ሳለሁ እናቴ ስታርፍ፣ በቀብሩ ማግስት መጣችና ከአጥሩ ላይ እንጨቶቹን ነቃቅላ በር አበጀችበት። «ከዛሬ ጀምሮ መንገድሽ ይኼ ነው» አለችኝ። በዚያ ቀዳዳ ስገባ ስወጣ አደግኩ። ጸጉሬን የሠራችኝ፣ ልብሴን የሰፋችልኝ፣ ስጠፋ የገረፈችኝ እሷ ናት። ይህን ውለታ በምን አቅሜ እመልሰዋለሁ? አልመልሰውም፣ እሷም አትጠብቅም።

የሱዳን ሴቶች ለሙሽራ የሚያዘጋጁት ኹምራ የሚባል ወፍራም ሽቶ አለ። ሰንደል፣ ቅርንፉድ፣ ምስክና ሌላም ሌላም በቅባት ሽቶ ይታሽና በብልቃጥ ታፍኖ ይከርማል። ኻልቲ ዓይኗን ጨፍና አንዴ ብታሸተው የትኛው ቤት እንደተቀመመ፣ ቀማሚዋ የትኛውን እንደሰሰተች ትነግራችኋለች። እንዲህ ያለ አፍንጫ እኔ አይቼ አላውቅም።

አባቴ ደግሞ ሽቶ የሚባል ነገር አይወድም። ንብ አርቢ ነው። ከጎንደር በኩል በረሃውን አቋርጦ በገላባት ሲገባ ይዞት የመጣው ይህንኑ ሙያ ነው፣ ሌላ ንብረት አልነበረውም። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የማሽላ እርሻው ዳር ካሉት ግራሮች ላይ ቀፎ ሰቅሏል። ደረቱ ደካማ ነው፤ ዕድሜውም ገፍቷል። አንድ ቀን ንቦቹ ተሰብስበው ቢነሱበት እንደማይተርፍ እሱም እኔም እናውቀው ነበር። ስለዚህ ሕግ አለው። ማር የሚቆርጥ ዕለት ሽንኩርት አይበላም፣ የሚሸት ሳሙና አይነካም፣ ሽቶ የተቀባ ሰው አጠገቡ አያስደርስም። እኔን ልጁን እንኳ ከሩቅ «አንቺ፣ እዚያው ቁሚ!» ነው የሚለኝ። እንዲህ ሆነን እኔ ስለ ንብ ምንም ሳላውቅ፣ እሱም ስለ እኔ ጠርሙሶች ምንም ሳያውቅ በአንድ ጣሪያ ሥር ስንት ዓመት ኖርን።

ኻልቲና አባቴ ሲናቆሩ መስማት ነው። በበጋ ንብ ከኻልቲ የውሃ ገንቦ አፍ ላይ አይጠፋም። ያን ጊዜ አጥሩ ላይ ትመጣና «ያ አኹይ፣ ወንድሜ፣ ከብቶችህን ሰብስብልኝ እንጂ!» ትለዋለች። እሱ በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛው «የኔ ለመሆናቸው ምስክር አለሽ?» ይላታል። «የሐበሻ ንቦች ናቸው፣ ሳይጋበዙ አይገቡም ነበር፣ አንተ አባለግሃቸው» ትለዋለች። ይስቃሉ። ማር በተቆረጠ ቁጥር ግን የመጀመሪያው የማር እንጀራ በዚያ የአጥር በር ነበር የሚሻገረው። አባቴ «ለእሷ ነው» ብሎ አያውቅም፤ ሳህኑን ሰጥቶኝ ወደዚያ በአገጩ ያመለክተኛል።

ጦርነቱ ካርቱምን ሲያፈናቅል ከተማችን በእንግዳ ሞላች። ሰው ቤቱን ጥሎ መጣ እንጂ ማግባቱን አልተወም፣ ይግረማችሁ። የካርቱም ሙሽሮች ሱቄ ሲመጡ የእኛ ኹምራ ከበዳቸው፤ «ቀለል ያለ፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል የለሽም?» አሉኝ። አሰብኩ፣ አሰብኩና ከሙዙ ጠብ አደረግኩበት። ለኻልቲ ሳሸታት አፍንጫዋን ነፋችና «ኹምራ ነው ወይስ ጭማቂ?» አለችኝ። እኔም ተቆጥቼ ብልቃጡን ነጠቅኳት። ከዚያ ራሷ መልሳ ወሰደችው፤ ደግማ አሸተተች። ሙዙ ከሰንደሉና ከምስኩ ሥር ሲገባ ሙዝ መሆኑ ይጠፋል፤ ጣፋጭ ነገር ብቻ ሆኖ ከላይ ከላይ ይላል። «ሰንደሉን ከእንቅልፉ ቀሰቀስሽው» አለችኝ በመጨረሻ። ከእሷ አፍ ይህን መስማት ለእኔ ምን እንደሆነ ምን ብዬ ልንገራችሁ። ያን ቀን መሬት ሳልረግጥ ነው ቤቴ የገባሁት።

የኻልቲ የመጨረሻ ልጅ ልታገባ ሆነች። ኹምራውን የቀመምኩት እኔ ነኝ። ሙዙ ቶሎ ስለሚተን የጨመርኩት በመጨረሻ፣ በሠርጉ ዋዜማ ጠዋት ነው። አባቴ ደግሞ በዚያው ዕለት ለሠርጉ ቁርስ የሚሆን ማር ሊቆርጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ላይ ኻልቲ በአጥሩ በር ገባች። አዲሱን ቶቧን ለብሳለች፤ ያንን የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠመጠሙትን ሰፊ ልብስ፣ ቢጫውን። ብልቃጡን በእጇ ይዛለች። አባቴ ፊት ቆመችና እንደ ወትሮው ሳትቀልድ «ያ አኹይ፣ ልጄ አባት የላትም። ነገ አባቷ ሆነህ ትቆምልኛለህ» አለችው።

እዚህ አገር በሠርግ ቤት የተከበረን ሰው በሽቶ ነው የሚቀበሉት። ኻልቲ ከኹምራው በጣቷ ጠቅሳ አባቴ መዳፍ ላይ ጣል አደረገችለት። አባቴ እጁን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ከፊቷ ተነስቶ እጁን ቢታጠብ «ክብርሽ ይቅርብኝ» እንዳላት ሆኖ ተሰማው። ይሉኝታ! ሰው በይሉኝታ ሞቱን የሚቀባው እኛ አገር ብቻ መሆን አለበት። መዳፎቹን አፋተገ፣ እስከ ክንዱ አሸው፣ «አላህ ያክብርሽ» አላት በዐረብኛ። እኔም ሞኟ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ሽቶዬን ሲቀባ የመጀመሪያ ቀኑ ነበር።

ሌላ ጊዜ ማር የሚቆርጠው ፀሐይ ገብታ ንቡ ሲረጋ ነው። ያን ዕለት ግን ኻልቲ «እኔም አብሬ ሄጄ ማሬን እቀበላለሁ» ብላለች፣ ቤቷ ደግሞ በእንግዳ ተሞልቷል። እንዳይመሽባት ብሎ ቸኮለ። ይኼም ይሉኝታ ነው። በአህያ ጋሪ ወጣን። ፀሐይዋ ገና ትጠብሳለች፤ አባቴ ላብ በላብ ሆኗል። እኔና ኻልቲ ራቅ ብለን ቆምን። ማሽላ የሚያርሙ የቀን ሠራተኞች ወዲያ ማዶ ጎንበስ ብለዋል። አባቴ እበቱን አጫጭሶ መሰላሉ ላይ ወጣ።

ቀፎውን ገና ከመንካቱ «ምን ነካቸው?» ሲል ሰማሁት። ንቦቹ ፊቱን ትተው እጆቹ ላይ ሰፈሩ። እጁን አራገፈ። ከዚያ የቀረው መንጋ በአንድ ጊዜ ወጣ፤ ድምፁ እንደ ወፍጮ ነበር። አባቴ ከመሰላሉ ወደቀ። አልጮኸም፤ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ፤ አባቴ ዓይኔ እያየ ሊሞትብኝ ነው።

ኻልቲ ከአጠገቤ አልነበረችም። ሳያት እየሮጠች ቶቧን ከራሷ ላይ እየፈታች ነው። በዚህ አገር የእሷ ዕድሜ ያለች ሴት በባዕድ ወንዶች ፊት ራሷን መግለጥ ምን ማለት እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። አላየቻቸውም። ያንን ሁሉ ክንድ ጨርቅ አባቴ ላይ ወረወረችው፣ ጠቀለለችው፣ ከዚያ እሷው በባዶ ራሷ ላዩ ላይ ተኛችበት። «ጭሱን! አንቺ ልጅ፣ ጭሱን አምጪ!» አለችኝ። ይኼኔ ነቃሁ። የሚጨሰውን እበት ከነሸክላው አንስቼ ሮጥኩ፤ እጄ መቃጠሉን ያወቅኩት ኋላ ነው። ሠራተኞቹም እርጥብ ሣር እያነደዱ ደረሱ። ሁለቱንም ጎትተን ጋሪው ላይ ጫንናቸው። ከሠራተኞቹ አንዱ ሸሚዙን አውልቆ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ለኻልቲ ራስ መሸፈኛ አቀበለኝ። እግዚአብሔር ይስጠው፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሆስፒታል አባቴ ትንፋሹ ሲሲ ይል ነበር። መርፌ ወጉት፣ ኦክሲጅን አደረጉለት። ኻልቲ ከጎኑ አልጋ ላይ ፊቷ አብጦ ሁለቱም ዓይኖቿ ተደፍነዋል። ማየት ስላልቻለች እኔን ነበር የምትጠይቀኝ። «ይተነፍሳል?» ትለኛለች። «ይተነፍሳል፣ ኻልቲ።» ጥቂት ቆይታ ደግሞ «አሁንስ?» ትለኛለች። «አሁንም።» ስለ ራሷ አንድም ቃል አልተናገረችም። እኔ በሁለቱ መካከል ቁጭ ብዬ፣ ከሁለት አንዱን ምረጪ እንዳልባል ብቻ ነበር የምፈራው።

አልተባልኩም። ተመስገን። አባቴ ትንፋሹ ተመለሰ፣ የኻልቲም ዓይን ቀስ በቀስ ተገለጠ። እሷ ወደ ቤቷ እንደተወሰደች አባቴ ጠራኝ። ከንፈሩ ገና አብጧል።

«ያ ሽቶ ውስጥ ምን ነበረበት?» አለኝ።

«ሰንደል፣ ቅርንፉድ፣ ምስክ...»

«ሌላስ?»

«ትንሽ ሙዝ።»

ዓይኑን ጨፈነ። «ንብ ስትነድፍ ምን እንደሚሸት ታውቂያለሽ?» አለኝ። እኔ የት አውቄ! «ሙዝ ነው የሚሸተው። አንዷ ስትነድፍ ያ ሽታ ይወጣል፤ ሌሎቹ ሲደርሳቸው ጠላት መጣ ብለው ይነሳሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሽታ ነው። ሰንደሉ ሸፈነብኝ።»

በስልኬ ብፈልግ እውነቱን ነው፤ ንቧ ከመንደፊያዋ ጋር የምትረጨው የጠርሙሴ ውስጥ ነገር ራሱ ነው፣ አይሶአሚል አሲቴት። ልጆች የሚልሱት፣ ሙሽራ የምትቀባው፣ ለንብ «ድረሱልኝ» ማለት ነው። በአባቴ ላብና በፀሐዩ ሙቀት ተነነና ከሁሉ ቀድሞ ቀፎው ደረሰ። እሱ ከንቡ በኩል፣ እኔ ከጠርሙሱ በኩል አንድ ሽታ ስናውቅ ኖረናል፤ አንድ ቀን ተቀምጠን አላወራንበትም።

«ለእሷ እንዳትነግሪያት» አለኝ። «ልታከብረኝ ነው የቀባችኝ። የቀባችው ሊገድለኝ እንደነበር ብትሰማ እስክትሞት አይወጣላትም። ንብ ነው፣ ዐመሉ አይታወቅም ብለሽ ዝጊው።» እሺ አልኩት። ትንፋሽ አጥሮት እንኳ የሚያስበው ስለ እሷ ነበር።

ሠርጉ ትንሽ ተገፍቶ ተደረገ። አባቴ የፊቱ እብጠት ገና ሳይሟሽሽ የሙሽራዋ አባት ሆኖ ቆመ፤ ኻልቲ «ይህን የመሰለ መልከ መልካም አባት ከየት አመጣሁላት?» እያለች እንግዳውን አሳቀችው። እኔ ግን ሙዙን ከኹምራ አስወጣሁት። ጠርሙሷን ከላይኛው ጥግ ሰቀልኳት፣ ለከረሜላና ለዳንዱርማ ብቻ ትወርዳለች። ኻልቲ አንድ ጊዜ «ለምን ተውሽው?» አለችኝ። «አልቆብኝ ነው» አልኳት። ጠርሙሷ ከኻልቲ ራስ በላይ መደርደሪያው ላይ ነበረች። ቀና ብላ አየቻትና «እሺ» አለችኝ።

ቀጥሎ ማር ሲደርስ አባቴ ልሂድ አለ። ተጣላሁት፣ አለቀስኩ፣ እግሩን ያዝኩ። «ንቦቹ ምን አጠፉ?» አለኝ። ተረታሁ። ሊወጣ ሲል የአጥሩ በር ተንኳኳ። ኻልቲ ናት። ያንኑ ቢጫ ቶቧን ለብሳለች። በአንድ እጇ የውሃ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው ትንሽ አመድ በሳህን ይዛለች።

«ያ አኹይ፣ ና እጅህን» አለችው።

የእኛ ሰው ለእንግዳው ከምግብ በፊት ውሃ እንደሚያፈስለት በቤታችን ስታይ ኖራለች። እንደዚያው ጎንበስ ብላ አፈሰሰችለት። አባቴ በአመዱ እስከ ክንዱ ታጠበ። ያን ጊዜ ገባኝ። ታውቃለች!

ሜዳው ላይ፣ ከቀፎው ራቅ ብለን ቆመን አባቴን ስንጠብቅ አልቻልኩም፣ «ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ማን ይነግረኛል? ላዩ ላይ ተኝቼ እያለሁ በነደፉኝ ቁጥር ሙዝ ሸተተኝ። የአንቺ ሙዝ። አፍንጫዬን ረሳሽው?»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?»

«እናንተ እንዳላዝን ብላችሁ ደበቃችሁኝ። አውቄዋለሁ ብዬ ስጦታችሁን ላበላሽባችሁ?» አለችኝና አፍንጫዋን በቶቧ ጫፍ አበሰች። «ደግሞ አባትሽ መዋሸት አይችልም። ንብ ነው፣ ዐመሉ አይታወቅም ሲለኝ ጆሮው ቀይ ሆኖ ነበር።»

አባቴ በደኅና ወረደ፣ አንዲትም አልነደፈችውም። ቤት ገባን። የመጀመሪያውን የማር እንጀራ ለኻልቲ እንደ ወትሮው እኔን ልኮ ሳይሆን በእጁ ሰጣት። እሷም ከቶቧ ሥር ብልቃጥ አወጣች፤ ራሷ የቀመመችው ኹምራ ነው። ክዳኑን ከፈተችና ዓይን ዓይኑን እያየች «ሙዝ አለበት» አለችው።

አባቴ ሁለት እጁን ዘረጋላት።